የኩላሊት ካንሰርና ኢሚዩኖቴራፒ፦ የትኛው የደም ምርመራ ይጠቅማል? ለወሎ ሐኪሞች፣ ላብራቶሪዎችና ቤተሰቦች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

የኩላሊት ካንሰሩ ተሰራጭቶ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን የመከላከል አቅም በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ የመርፌ መድኃኒት) የታዘዘለት ሰው ቤተሰብ፣ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን መካነ ሰላም፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ «ዶክተር፣ በሬውንም ቤቱንም ሸጠን መድኃኒቱን ከመግዛታችን በፊት ለአባታችን ይሠራላቸው እንደሆነ በደም አይታወቅም?»

እስካሁን ድረስ «ለእሳቸው ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ የሚቆርጥ አንድም የደም ምርመራ የለም። ጥሩ ፍንጭ የሚሰጡ ግን አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በማንኛውም ደህና ላብራቶሪ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ናሙናው ባሕር ማዶ ካልሄደ አይገኙም። ርካሾቹ በትክክል ተቀድተውና የአካባቢውን በሽታዎች ባገናዘበ ዓይን ከተነበቡ፣ ከውድዎቹ የሚያንሱት ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚለይ ነገር

አንዳንድ የደም ምልክት የሚናገረው የበሽታውን ክፋት ነው። ቁጥሩ የከፋበት ሰው የትኛውንም መድኃኒት ቢወስድ ከሌላው ቀድሞ ይደክማል። ሌላው ምልክት ደግሞ መድኃኒት ያማርጣል፤ ይህ ቁጥር ያለው ሰው ከእንክብሉ (ከሚዋጠው የካንሰር መድኃኒት) ይልቅ በመርፌው (በኢሚዩኖቴራፒው) ይጠቀማል ይላል። ገንዘብ አውጪው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ በብዛት የሚቀርብለት ግን የመጀመሪያው ነው። መለያው ቀላል ነው። ጥናቱ ላይ የነበሩት ታካሚዎች ሁሉ ኢሚዩኖቴራፒ ብቻ የወሰዱ ከሆነ፣ ምልክቱ መድኃኒት ያማርጣል ማለት አይቻልም። ሌላ መድኃኒት ከወሰደ ቡድን ጋር መነጻጸር አለበት።

በሳንባ ካንሰር ዝናው የገነነው የፒዲ-ኤል1 ፕሮቲን ምርመራ (ይህ የሚሠራው ከዕጢው ቁራጭ እንጂ ከደም አይደለም) በኩላሊት ካንሰር መድኃኒት ለመምረጥ አያገለግልም። ስለዚህ «ለምን ያንን አታሠሩም?» የሚል ዘመድ ቢመጣ አትደናገጡ።

አይኤምዲሲ፦ ማንም ሊዘለው የማይገባ

አይኤምዲሲ የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰርን ስጋት የሚመድብ መለኪያ ነው፤ አንድ ምርመራ ሳይሆን የስድስት ነጥብ ድምር ነው፤ አራቱ ከደም ይገኛሉ። ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከመደበኛው በታች ከሆነ 1፣ የተስተካከለ ካልሲየም ከመደበኛው በላይ ከሆነ 1፣ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጋ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ከመደበኛው በላይ ከሆነ 1፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሕዋስ) ከመደበኛው በላይ ከሆነ 1። ሁለቱ ከታሪክ ይመጣሉ፦ በሽታው ከታወቀ ሕክምና እስኪጀመር አንድ ዓመት አለመሙላቱ፣ እና የካርኖፍስኪ ነጥብ ከ80 ማነሱ፤ ማለትም ሰውየው ራሱን ቢችልም የወትሮ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው። ድምሩ 0 ከሆነ ዝቅተኛ ስጋት፣ 1 ወይም 2 ከሆነ መካከለኛ፣ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ስጋት ይባላል።

ከሁሉም ምልክቶች ወደ መድኃኒት ማማረጥ የሚጠጋው ይህ ነው። ቼክሜት 214 በተባለው ጥናት መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው መካከል ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን የኢሚዩኖቴራፒ መርፌዎች አብረው ከወሰዱት 42 በመቶው ዕጢያቸው በግልጽ ሲቀንስ፣ ሱኒቲኒብ የተባለውን እንክብል ከወሰዱት የቀነሰላቸው 27 በመቶው ነበሩ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ደግሞ 9 በመቶ ለ1 በመቶ ነበሩ። በዝቅተኛ ስጋት ቡድን ግን ነገሩ በመጀመሪያው ትንተና ተገላበጠ፤ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው 29 በመቶ ለ52 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ከ0 ወደ 1 የምታሻግር አንዲት ነጥብ የመድኃኒቱን ምርጫ ልትቀይር ትችላለች። እዚህ ላይ ነው የላብራቶሪ ስህተት ዋጋ የሚያስከፍለው።

ሄሞግሎቢንን እንይ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ሠንጠረዥ በዚህ ከፍታ ወደ 1.3 ግራም በዴሲሊትር ይጨምራል፤ በዚህ ስሌት 13 የነበረው የወንድ ዝቅተኛ ወለል 14.3 ይሆናል። ነገር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች ሲመረመሩ፣ አማካዩ ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ነበር፤ ይህም ከቆላ ሰው ብዙ የማይርቅ ነው። የእኛ ደገኛ ደም እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰው አይወፍርም። ሠንጠረዡን እንዳለ የገለበጠ ሰው 13.8 ያለውን ጤነኛ ደም «ማነስ» ብሎ ታካሚውን ካልሆነበት ክፍል ሊያስገባው ይችላል። የምንመክረው፦ ለነጥቡ የላብራቶሪውን ተራ ወለል ተጠቀሙ፣ ከፍታውን በማስታወሻ ጻፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ካለ ከበሽታው በፊት የነበረውን የቆየ ውጤት ፈልጉ። አንዳንድ የኩላሊት ዕጢ ኤሪትሮፖይቲን (ቀይ የደም ሕዋስ የሚያስመርት ሆርሞን) አመንጭቶ ሄሞግሎቢኑን ከልክ በላይ እንደሚያወጣውም አትርሱ።

ካልሲየም ሁለተኛው መሰናክል ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ሰው ካልሲየሙ ደህና መስሎ ይታያል። ቀመሩ፦ የተለካው ካልሲየም + 0.8 × (4 − አልቡሚን)፤ ካልሲየሙ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ አልቡሚኑ በግራም በዴሲሊትር። የተለካው 9.8፣ አልቡሚኑ 2.5 ከሆነ የተስተካከለው 11.0 ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ያለፈው በእውነቱ ከፍ ያለ ነው። ካልሲየም ሲታዘዝ አልቡሚን አብሮ ይታዘዝ። አቀዳዱም ያበላሻል፤ የክንድ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ካልሲየም ከፍ ይላል። ወይንጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት) ቱቦ መጀመሪያ ተሞልቶ ከዚያው ወደ ቀዩ ቱቦ ቢገለበጥ ደግሞ ካልሲየም በሐሰት ይወድቃል፣ ፖታሲየም ይሰቀላል። ቀዩ ይቅደም፣ ወይንጠጁ ይከተል።

ኒውትሮፊሉ ላይ የአገራችን ጉዳይ አለ። ዳፊ የተባለው የደም ምልክት በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ምንም ሳያማቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕጢው እያቃጠለውም የኒውትሮፊሉ ቁጥር ከማሽኑ ጋር የመጣውን ጣሪያ ላያልፍ ይችላል። የወትሮው 1,500 የነበረ ሰው 5,000 ሲሆን ወረቀቱ ዝም ይላል፤ አንባቢው ግን ዝም ማለት የለበትም።

የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር

ከተለመደው ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ይወጣል፤ ተጨማሪ ደም አይፈልግም። ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት (ለሌላው የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ማካፈል ብቻ ነው፤ 6.2 ለ1.1 ሲካፈል 5.6 ይሆናል። በመቶኛ ቢሰላም ለውጥ የለውም፤ 72 ለ18 ሲካፈል 4 ነው። ጥናቶች መቁረጫውን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ያደርጉታል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ውጤቱ የከፋ ነው። ያ መቁረጫ ግን የወጣው ኒውትሮፊላቸው ከፍ ካለ ሕዝቦች ነው፤ ከላይ ባልነው ምክንያት ወሎ ላይ 2.8 ያለው ሰው «ደህና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ስለዚህ አንዱን ቁጥር ሳይሆን ለውጡን ተከታተሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ንጽጽሩ በ25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የወረደላቸው የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ለውጥ ሲለካ ሰውየው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ስለሆነ የዳፊው ጉዳይ ክብደቱ ይቀንሳል። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አብረው ሲሰጡ በየሦስት ሳምንቱ አራት ጊዜ ነው፤ ደሙ በየመርፌው ቀን ከመድኃኒቱ በፊት ቢቀዳ ሦስተኛው መርፌ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይውላል። ለዚህ ብሎ የተለየ ጉዞ አያስፈልግም።

ከሚያሳስቱት መካከል ዋነኛው ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ነው። አንድ መርፌ ብቻ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊልን አውጥቶ ሊምፎሳይትን ያወርዳል፤ ንጽጽሩ 3 የነበረው 9 ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ደሙ የሚነበበው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። በየቀኑ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ተዉት፤ በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን ራሱ የኢሚዩኖቴራፒውን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ሐኪሙ ሊነጋገርበት የሚገባው እሱ ነው።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ነጭ የደም ሕዋስን በሦስት ብቻ የሚከፍል ማሽን «ግራን»፣ «ሊምፍ» እና «ሚድ» ብሎ ያወጣል። «ግራን» ንጹህ ኒውትሮፊል አይደለም፤ እንደ ማሽኑ ዓይነት ኢኦሲኖፊሎች (በአለርጂና በትል የሚበዙ ነጭ ሕዋሳት) ከአንዱ ወይም ከሌላው ጋር ይደባለቃሉ። በአምስት የሚከፍል ማሽን ፈልጉ፤ ከሌለ ባለሙያው ስላይድ ቀብቶ 100 ሕዋስ በእጁ ይቁጠር። መጀመሪያው በአንዱ፣ ስድስተኛው ሳምንት በሌላው ማሽን ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ፕሌትሌት ለሊምፎሳይት የሚባለውንና ፕሌትሌትን በኒውትሮፊል አባዝቶ ለሊምፎሳይት የሚያካፍለውን መለኪያም ሰዎች ያመጣሉ። ሦስቱንም አስልቶ «ሦስት ማስረጃ አገኘሁ» ማለት አንዱን ሰው በሦስት ስም ጠርቶ እንግዳ በዛብኝ እንደማለት ነው። ምንጩ አንድ ነው፦ ዕጢው ኢንተርሊውኪን-6 የተባለ የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ያመነጫል፤ እሱም ጉበትን ሲአርፒ (የብግነት ምልክት የሆነ ፕሮቲን) ያሠራዋል፣ ፕሌትሌትን ያበዛል፣ ብረትን አሳስሮ ደም ያሳንሳል። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ሲአርፒ፦ ለክትትል የምንመርጠው

ከመድኃኒቱ በኋላ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት በእኛ ግምት ከርካሾቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ከደም የሚጠፋበት ግማሽ ዕድሜው 19 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የዛሬውን ሁኔታ ያሳያል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከጃፓን በወጣ ጥናት ኒቮሉማብ የጀመሩ የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ። በመጀመሪያው ወር ሲአርፒያቸው ከመነሻው ከእጥፍ በላይ ወጥቶ በሦስት ወር ውስጥ ከመነሻው በታች የወረደላቸው ከሁሉ የተሻለ ውጤት አገኙ። ሳይወጣ በ30 በመቶና ከዚያ በላይ የወረደላቸው ተከተሉ፤ የቀሩት ወደኋላ ቀሩ። በመጀመሪያው ወር ሲአርፒ ስለወጣ ብቻ «መድኃኒቱ አልያዘም» ብሎ ማቋረጥ ትልቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ግን ያው መውጣት ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ታካሚው የመጣው ከቆቦ፣ ከባቲ ወይም ከቃሉ ቆላ ከሆነና ካተኮሰው ቅድሚያ የወባ የደም ፊልም ነው። ሳል ካለ ለቲቢ አክታ ይታያል፤ ቲቢ ሲአርፒን ያወጣል፣ ሄሞግሎቢንን ያወርዳል፣ ፕሌትሌትን ያበዛል፤ ማለት የካንሰሩን ምልክት አንድ በአንድ ይቀዳዋል። ወባ ደግሞ ፕሌትሌትን ስለሚያወርድ የአይኤምዲሲን አንድ ነጥብ ይደብቃል። ኢንፌክሽን እያለ የተቀዳ ደም ለመነሻነት አይያዝ፤ ታክሞ ከዳነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ጠረጴዛ እንጠጋ። በብዙ ቦታ ሲአርፒ የሚሠራው በላቴክስ ስላይድ ነው፤ ጥቁሩ ካርድ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ላቴክስ፣ ማደባለቅ፣ ሁለት ደቂቃ ማወዛወዝ፣ ጥራጥሬ ከታየ «ፖዘቲቭ»። ይህ ከ6 ሚሊግራም በሊትር በላይ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ 8 ይሁን 180 አይለይም። ለክትትል «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት አይረባም። ቁጥር የሚያወጣ ማሽን ካልተገኘ መላ አለ፦ ሴረሙን በሳላይን 1 ለ2፣ 1 ለ4፣ 1 ለ8፣ 1 ለ16 እያቀጠኑ መሞከር ነው። መጨረሻ ጥራጥሬ ያሳየውን ቅጥነት በ6 ማባዛት ግምቱን ይሰጣል፤ 1 ለ16 ላይ ከቆመ 96 ገደማ ነው። ማቅጠኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲአርፒ እጅግ ሲበዛ ያልቀጠነው ሴረም በሐሰት «ኔጋቲቭ» ሊል ይችላል። ይህ ግምት እጥፍ ድርብ ለውጥን እንጂ 30 በመቶን አይለይም፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ቁጥር የሚያወጣውን ላብራቶሪ አጠያይቃችሁ ሁልጊዜ በእሱ አሠሩ።

በአጭሩ የሚታለፉት

ኤልዲኤች (ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ አንድ ተኩል እጥፍ ካለፈ መጥፎ ምልክት ነው፤ ግን የበሽታውን ክፋት እንጂ መድኃኒትን አይናገርም። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ፣ የተናጠ ወይም ሳይለይ በመኪና የተንገጫገጨ ደም ቀይ ሕዋሱ ፈርሶ ኤልዲኤችን በሐሰት ይሰቅለዋል። ሴረሙ ሮዝ ከመሰለ አትመኑት። ናሙናው ከመጓዙ በፊት በሴንትሪፉጅ ይለይ።

ኢኦሲኖፊል ከሕክምናው በኋላ ሲጨምር ጥሩ ምልክት ነው የሚሉ ጥናቶች አሉ። ቢልሃርዝያ በሐይቅና በቦርከና ዙሪያ በሚገኝበት አገር ይህን ለብቻው መጠቀም ከባድ ነው። መነሻው ላይ ሰገራ ይመርመር፣ ትል ከተገኘ ይታከም፤ ከዚያ ወዲያ እንኳ በሁለተኛ ደረጃ ብቻ እዩት።

ውድዎቹ፦ ኢንተርሊውኪን-8፣ ኪም-1፣ የዕጢ ዲኤንኤ

ኢንተርሊውኪን-8 (ሌላ የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን) በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ትንተና ከ23 ፒኮግራም በሚሊሊትር በላይ ሲሆን ከከፋ ውጤት ጋር ተያይዟል። ነገር ግን ኢሚዩኖቴራፒ ያልሆነውን ኤቨሮሊመስ የተባለ እንክብል በወሰዱትም ላይ እንዲሁ ሆነ፤ መድኃኒት አያማርጥም ማለት ነው። ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሕዋሳቱ ራሳቸው ስለሚያመነጩት ቶሎ ተለይቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ ቁጥሩ ይዋሻል። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ይህን መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኪም-1 የተባለው ፕሮቲን ከሦስቱ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ ከኩላሊቱ ቱቦዎች ስለሚመነጭ ከበሽታው ጋር ቅርበት አለው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አቴዞሊዙማብ የተባለውን ኢሚዩኖቴራፒ በሞከረው ኢሞሽን 010 ጥናት መድኃኒቱ በጠቅላላው አልረዳም፤ ኪም-1 በመነሻው 86 ፒኮግራም በሚሊሊትርና ከዚያ በላይ የነበራቸው ግን የካንሰሩ መመለስ ወይም የሞት አደጋቸው ከመድኃኒቱ ጋር በ28 በመቶ ገደማ ቀንሶ ታየ። ይህ ከማነጻጸሪያ ቡድን ጋር የተገኘ ስለሆነ ዋጋ አለው፤ ሆኖም ከጥናቱ በኋላ የተደረገ ትንተና ነውና ለዕለት ሥራ አልደረሰም። ደግሞም ኩላሊት በማንኛውም ምክንያት ሲጎዳ ይወጣል። በዚያው ሳምንት ጄንታማይሲን የተወጋ፣ ዲክሎፌናክ የዋጠ ወይም በተቅማጥ ፈሳሹ ያለቀ ሰው ኪም-1 ስለ ካንሰሩ የሚነግረን ነገር የለም።

በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የዕጢ ዲኤንኤ በአንጀት ካንሰር ብዙ ቢወራለትም፣ የኩላሊት ካንሰር ወደ ደም የሚለቀው ዲኤንኤ ትንሽ ነው፤ «አልተገኘም» የሚል ውጤት በሽታው የለም ማለት አይደለም። በተለመደው ኢዲቲኤ ቱቦ ከተቀዳ ፕላዝማው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት። ልዩ ማቆያ ያለበት ቱቦ እስከ 14 ቀን ይይዛል፤ ግን ከ6 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ወገል ጤና ላይ በኅዳር ሌሊት መኪና ውስጥም አያድርም።

እንግዲህ የቱን?

መድኃኒት ገና ካልተመረጠ አይኤምዲሲን አስሉ፣ የሚያስፈልገው ሲቢሲ፣ ካልሲየምና አልቡሚን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ተመርጦ ሊጀመር ከሆነ መነሻ ሲአርፒና የኒውትሮፊል ንጽጽር ያዙ፣ ከዚያም በየመርፌው ቀን ድገሙ። ከእነዚህ ላይ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ የጉበት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ ስኳር፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ አይቀሩም፤ እነሱ የሚደረጉት መድኃኒቱ እንዳይጎዳ ነው፣ ይሠራል አይሠራም ለማለት አይደለም። ብር ተርፎ ኪም-1 ወይም የዕጢ ዲኤንኤ ላሠራ የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ያንን ብር ለ12ኛው ሳምንት ሲቲ ስካን ያስቀምጠው፤ መቀጠልና ማቆም የሚወሰነው በእሱ ነው። ሲአርፒም ሆነ ንጽጽሩ ስለከፋ ብቻ መድኃኒት አይከለከልም፤ በመጥፎ ቁጥር ጀምረው ዕጢያቸው የቀነሰላቸው አሉና።

ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ የካንሰር ማዕከል የሚሄድ የሪፈራል ወረቀት ላይ «ሲቢሲ ኖርማል» ብቻ አይጻፍ። 400 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ታካሚ እዚያ እንደገና እንዳይቀዳ ዋናው የማሽን ወረቀት ይያያዝ። ከጎኑም ደሙ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት፣ የማሽኑ ስም፣ የላብራቶሪው መደበኛ ክልል፣ የመጨረሻው ስቴሮይድ መጠንና ቀን፣ በወሩ ውስጥ የታከመ ወባ፣ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን፣ የወሰደው አንቲባዮቲክ፣ እና ታካሚው የሚኖርበት ወረዳ ይጻፍ።